ፕሮጀክትን ከብዙ አቅጣጫ ስለ ማሰብ፦ የቆሼና የሰንዳፋ ትምህርት

በእርዳታ፣ በመልሶ ማቋቋምና በሰፈራ ሥራ አንድ ፕሮጀክት ተጠናቀቀ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃው ሲቆም፣ መንገዱ ሲጠረግና የተመደበው ገንዘብ በወቅቱ ሥራ ላይ ሲውል ነው። ይሁንና የተጠናቀቀ ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም። ልዩነቱም የሚታወቀው ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ለዚህ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው የረጲ ቆሻሻ መጣያ፣ ሕዝቡ ቆሼ እያለ የሚጠራው ሥፍራ፣ ከባድ ማስረጃ ነው።

ቆሼ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማይቱን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። ሥራ ሲጀምር ከከተማው ዳር ነበር፤ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ግን መኖሪያ ቤቶች ከበቡት፤ ከቁልሉም ሥር የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ተሠሩ። ሥፍራው ስለ ሞላ በኦሮሚያ ክልል፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው በሰንዳፋ አካባቢ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ዘመናዊ መጣያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ስለ ሽታው፣ ስለ ውኃቸው መበከልና ስለ ካሣው አቤቱታ አሰሙ። ተቃውሞው ስለ በረታ ጣቢያው ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘጋ፤ የጭነት መኪኖቹም ፊታቸውን ወደ ቆሼ መለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ቁልሉ ተንዶ ከሥሩ ባሉት ቤቶች ላይ ወረደ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ለናዳው አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት አይቻልም። ሳይጠቀጠቅ በገደል መልክ የተከመረ ቆሻሻ እርጥበት ሲገባበትና አዲስ ጭነት ሲጨመርበት መያዣውን እንደሚያጣ ግን የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም የሰንዳፋ መዘጋትና የቆሼ ነዋሪዎች ሕይወት በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ መሆናቸውን አስቀድሞ ለማየት ምን ዓይነት አስተሳሰብ ያስፈልግ ነበር? የሚለው ነው።

በፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቶች የተለመደው አስተሳሰብ ቀጥተኛ ነው፤ ከጥናት ወደ ንድፍ፣ ከንድፍ ወደ ግንባታ፣ ከግንባታ ወደ ርክክብ ይጓዛል። ለመሐንዲስ ሥራ ይህ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ጋሪ ክላይን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ቀላል ዘዴ አስተዋውቀዋል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የፕሮጀክቱ ባልደረቦች ይሰበሰቡና ፕሮጀክቱ ፈጽሞ እንደ ወደቀ አድርገው ያስባሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ የወደቀበትን ምክንያት በወረቀት ይጽፋል። «ምን ችግር ሊገጥመን ይችላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው በጥንቃቄ ይናገራል። «ወድቋል፤ ለምን?» ሲባል ግን ያለፈ ነገር እንደሚተርክ ሆኖ አንደበቱ ይፈታል።

ይህ ዘዴ ለእኛ መሥሪያ ቤቶች ከሌላው ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል። በስብሰባችን አለቃ ሐሳቡን ከሰጠ በኋላ የተለየ ነገር መናገር እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ይሉኝታም አለ። ከመስክ የመጣው ወጣት ሠራተኛ የሚያውቀውን ይዞ ዝም ብሎ ይወጣል። ሁሉም እንዲጽፍ ሲታዘዝ ግን ዝምታ ራሱ ትእዛዝ መጣስ ይሆናል።

ዘዴውን በሰንዳፋ እንሞክረው። መጣያው ተመርቆ ተዘግቷል እንበል። ለምን ተዘጋ? አንዱ «ገበሬው አልተቀበለውም» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ሌላው «ቦታው በሌላ መስተዳድር ሥር ነው» ይል ነበር። ቀጣዩ ጥያቄ ራሱ ይመጣል፤ ሰንዳፋ ከተዘጋ ቆሻሻው የት ይሄዳል? ወደ ቆሼ። ከቆሼ ሥር ማን ይኖራል? በዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ላይ የተደረሰ ቢሆን ኖሮ ነዋሪዎቹን አስቀድሞ ማንሣት የዕቅዱ የመጀመሪያ ምዕራፍ በሆነ ነበር።

ሌላው አስተሳሰብ ነገሩን ከሰዎቹ ቆሞ ማየት ነው። ዕቅድ አውጪው ቆሻሻን በቶን ይለካዋል። በቆሼ ላይ ግን ፕላስቲክና ቁርጥራጭ ብረት ለቅመው የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ፤ ዕቃው በቆራሌና በነጋዴ እጅ አልፎ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ለእነዚህ ሰዎች የመጣያ መዛወር የሥራ መዛወር ነው። ከአደጋው በኋላ ለተጎጂዎች ምትክ መኖሪያ መስጠት ተገቢ ነበር፤ ቤቱ ከእንጀራው ምን ያህል ይርቃል የሚለው ግን ከግንባታ ክፍሉ ሊጠበቅ የማይችል ጥያቄ ነው።

የሰፈራን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ይህን አስተውሎት ይሆናል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ሲጓጓዙ የሥራው ስኬት በዋናነት የተለካው በተጓጓዘው ሰው ቁጥር ነበር። ደገኛው ገበሬ ወባን፣ ከብቱን የሚፈጀውን የቆላ ዝንብና የማያውቀውን አፈር የተገናኘው ከደረሰ በኋላ ነው። ነባሩ የአካባቢው ሕዝብም ምን እንደሚል የተጠየቀው በጥቂቱ ነበር። የሚገርመው፣ ኤድዋርድ ደ ቦኖ አንድን ጉዳይ በየተራ በመረጃ፣ በስሜት፣ በሥጋት፣ በተስፋና በአዲስ ሐሳብ ዓይን መመርመርን በስድስት ባርኔጣዎች መስለው ያስተማሩበት መጽሐፍ የታተመው ሰፋሪዎች በሚጓጓዙበት በዚያው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። በጊዜው የሥጋቱን ባርኔጣ በአደባባይ ማድረግ ቀላል አልነበረም።

ከናዳው በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራምና በጃፓን ድጋፍ የፉኩኦካ ዘዴ በቆሼ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ዘዴ የተበሱ ቧንቧዎች ከቆሻሻው ሥር ይዘረጋሉ፤ ፍሳሹ በእነርሱ ይወጣል፣ አየርም በእነርሱ ይገባል፤ ቆሻሻው ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሚቴን ጋዝም ይቀንሳል፣ ቁልሉም ይረጋጋል። ዘዴው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ ሊሠራ ይችላል። ወደፊት ለሚመረጥ ማንኛውም አዲስ መጣያም ሊያገለግል ይችላል። ለዚያ ቦታ ጥናት ሲጀመር መሐንዲሱ ቧንቧውን ይዞ ከመሄዱ በፊት የገበሬው፣ የለቃሚውና የአጎራባች መስተዳድሩ ተወካዮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «ይህ ፕሮጀክት ወድቋል፤ ለምን?» ለሚለው በየራሳቸው ወረቀት መልስ ሊጽፉ ይገባል። መጻፍ ለማይችለውም የሚጽፍለት ሰው ይመደብ።