ጎንደር «ወደ ላይ» ናት ወይስ ወደ ምሥራቅ?

ኮኪት ላይ ቆማችሁ «ጎንደር በየት በኩል ነው?» ብትሉ «ወደ ላይ» ትባላላችሁ። መተማ ዮሐንስ ደግሞ «ወደ ታች» ነው። አባባሉ ልክ ነው፤ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ስትሆን መተማ ቆላ ናት። ችግሩ የሚመጣው ይኸው «ላይ» እና «ታች» ከልጆቻችን ጋር ፈተና አዳራሽ ሲገባ ነው። ካርታ ላይ ወደ ላይ ማለት ሰሜን ነው። ጎንደር ግን ከኮኪት በስተምሥራቅ፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው ያለችው። የዞኑ ስም «ምዕራብ ጎንደር» መሆኑ ራሱ መልሱን ይናገራል፤ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው።

አፕቲትዩድ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ራሱን ችሎ ይሰጣል። ባንኮችም አዲስ ምሩቃንን ሲቀጥሩ ብዙ ጊዜ የሚያጣሩት በዚሁ ነው። እኔም ቢዝነስ ተምሬ የማርኬቲንግ ሥራ እስካገኝ ድረስ በየማስታወቂያው ስዞር የአቅጣጫ ጥያቄ ሳያጋጥመኝ የቀረበት ፈተና ትዝ አይለኝም። በ2014 የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰሊጥ አጭዶ ልጁን ለሚያስተምር ቤተሰብ አንዲት ነጥብ ቀላል አይደለችም።

እስቲ ይህን እንሞክር። አንድ ሠራተኛ ከሰሊጥ መጋዘን በር ተነስቶ 90 ሜትር ወደ ሰሜን ሄደ። ወደ ቀኝ ታጥፎ 50 ሜትር፣ እንደገና ወደ ቀኝ ታጥፎ 30 ሜትር፣ በመጨረሻም ወደ ግራ ታጥፎ 30 ሜትር ተጓዘ። አሁን ከበሩ ምን ያህል ይርቃል? በየትስ በኩል ነው?

ቸኩሎ የሚደምር 200 ይላል። 200 ሜትር ግን እግሩ የተጓዘው ነው፤ የተጠየቀው ከበሩ እስከቆመበት ያለው ቀጥታ መስመር ነው። ከጎንደር መተማ በመኪና ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አሞራ ቀጥ ብሎ ቢበር ግን 150 ገደማ ይበቃዋል። ፈተናው የሚፈልገው የአሞራውን ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት የመጨረሻዋ «ወደ ግራ» ላይ ነው። ሠራተኛው በዚያን ጊዜ ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ግራው ምሥራቅ እንጂ ምዕራብ አይደለም። መላው ቀላል ነው፦ ወረቀቱን አዙሩት። የሚሄድበት አቅጣጫ ሁልጊዜ ከደረታችሁ ፊት ለፊት ከሆነ ግራው ግራችሁ፣ ቀኙም ቀኛችሁ ይሆናል። እንግዲህ ወደ ሰሜን 90 ሄዶ 30 ስለተመለሰ 60 ቀረ፤ ወደ ምሥራቅ 50 እና 30 ተደምረው 80 ሆኑ። 60 በ60 ሲባዛ 3,600፣ 80 በ80 ደግሞ 6,400 ነው፤ ድምሩ 10,000፣ ካሬ ሥሩ 100። ሠራተኛው ከበሩ 100 ሜትር ርቆ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ቆሟል።

በቤት ውስጥ ለማለማመድ መጽሐፍ መግዛት ግድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ልጅ ምሥራቅን ከጸሎቱ ያውቀዋል። መስጊድ የሚሄደውም ከመተማ ወደ መካ ሲዞር ፊቱ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ መሆኑን ንገሩት።

የጥላ ጥያቄም አለ፦ «ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ጥላዬ በስተቀኜ ወደቀ፤ ፊቴ ወዴት ነው?» የጠዋት ጥላ ወደ ምዕራብ ይወድቃል፤ ቀኙ ምዕራብ የሆነ ሰው ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። የቀትሩ ጥላ ግን ለኮኪት ልጅ የተለየ ነገር አለው። ፈረንጆቹ አገር ቀትር ላይ ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ኮኪት ላይ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ደቡብ ነው። ልጃችሁ ካላመነ በሰኔ ስድስት ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ እንጨት ተክሎ ይይ።