ሳይጋጭ የተከላከለው ስዊድናዊ

የተከላካይ ሥራ አብዛኛው አይታይም። ጎል የገባ እንደሆነ ሁሉም ያየዋል፤ ሊገባ ሲል የቀረውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ገና ከመሃል ሜዳ ሳያልፍ የከሸፈውንማ ማንም እንደ ጥቃት አይቆጥረውም። ከዚህ የተነሳ ተመልካች ተከላካይን የሚመዝነው በዓይኑ በሚያየው ነገር፣ በግጭቱና ተጋጣሚን በመጣሉ ይሆናል። በአይስ ሆኪ ደግሞ ፓክ የተባለውን መጫወቻ የያዘን ተጫዋች በትከሻ ገፍቶ መጣል በሕግ የተፈቀደ በመሆኑ ይህ አመዛዘን ሥር ሰድዶ ኖሯል። የስዊድናዊው ኒክላስ ሊድስትሮም የሙያ ሕይወት አመዛዘኑ ስህተት መሆኑን በበቂ ማስረጃ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ፣ በምህጻሩ ኤንኤችኤል፣ ሜዳው 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ስፋት ያለው፣ ዙሪያው በአጥር የተከበበ በረዶ ነው። ከየቡድኑ አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካዮችና ሦስት አጥቂዎች ይሰለፋሉ። ስለታም ብረት በተገጠመለት ጫማ እየተንሸራተቱ፣ ፓክ የሚባለውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ በዱላ እየመቱ፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይጫወታሉ። ጥፋት የሠራ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ደቂቃ ይወጣል፤ ቡድኑም በምትኩ ሌላ ሳያስገባ ጎድሎ ይጫወታል። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ አንባቢ ይያዝልኝ።

ሊድስትሮም እ.ኤ.አ. በ1970 የተወለደ ሲሆን በአገሩ ሊግ ለቬስተሮስ ከተማ ክለብ ተጫውቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1989 በሊጉ የወጣቶች ምርጫ የዲትሮይቱ ሬድ ዊንግስ ክለብ ሲመርጠው 52 ወጣቶች ቀድመውት ተመርጠው ነበር። በ1991 ከስዊድን ቡድን ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነና በዚያው ዓመት ወደ ዲትሮይት ተሻገረ። ያን ጊዜ በሰሜን አሜሪካ ስዊድናውያን ግጭት ይፈራሉ የሚለው ስም ገና አልጠፋም ነበር። ያንን ስም ቀደም ብሎ የተጋፈጠው በ1973 ቶሮንቶ የገባው ተከላካይ ቦርዬ ሳልሚንግ ነው። ሳልሚንግ የተጋጣሚዎቹን ዱላና ቡጢ በአካሉ ችሎ መከበርን አተረፈ፤ በ1996ም ከስዊድናውያን የመጀመሪያው ሆኖ በቶሮንቶ ወደሚገኘው የሆኪ የክብር አዳራሽ ገባ። ሊድስትሮም የሄደበትን መንገድ የጠረገለት እሱ ነው፤ ይህ ውለታ ሊዘነጋ አይገባም። ነገር ግን ሳልሚንግ ጀግንነቱን ያሳየው አሜሪካኖቹና ካናዳውያኑ ባወጡት መለኪያ ነበር። መለኪያውን ራሱን የለወጠው ሊድስትሮም ነው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የሊጉ ሻምፒዮን የሚወስደው የስታንሊ ዋንጫ የ1997 ፍጻሜ ነው። የዲትሮይት ተጋጣሚ ፊላደልፊያ ነበር፤ የፊላደልፊያ ኃይልም ኤሪክ ሊንድሮስ፣ ጆን ለክሌርና ሚካኤል ሬንበርግ የተባሉ ሦስት ግዙፍ አጥቂዎች ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ፣ ሬንበርግ፣ ራሱ ስዊድናዊ መሆኑ ስለ አገሩ ሰዎች ይወራ የነበረውን ያፈርሳል። ሊንድሮስ ቁመቱ 1.93 ሜትር፣ ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነበር። ዲትሮይትም በግጭት የሚታወቅ ተከላካይ አላጣም፤ ቭላድሚር ኮንስታንቲኖቭ ነበረው፤ ብዙዎችም ሊንድሮስን የሚይዘው እሱ ነው ብለው ጠበቁ። አሰልጣኙ ስኮቲ ቦውማን ግን ሊድስትሮምንና አንጋፋውን ላሪ መርፊን መደበባቸው፤ ሁለቱም በግጭት የሚታወቁ አልነበሩም። ስሌቱ ግልጽ ነው። ግዙፍ አጥቂ የሚፈልገው ግጭትን ነው፤ ፓኩን ወደ ሜዳው ጥግ ይልክና ተከላካዩን ገፍቶ ይወስደዋል። ሊድስትሮም ግን ፓኩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ አይቶ ቀድሞት ይደርሳል፤ ግዙፉ ሰው ሲደርስ ፓኩ ለሌላ ተጫዋች ተላልፏል። ፊት ለፊት የመጣበትንም በዱላው ጫፍ እየነካካ፣ ቀስ በቀስ ወደ አጥሩ እየመራ ጎሉን ያርቅበታል። ዲትሮይት አራቱንም ጨዋታ አሸነፈ። ሊንድሮስ በአራቱ ጨዋታ ያስቆጠረው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱም የመጨረሻው ጨዋታ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት። ዲትሮይት ዋንጫውን ሲያነሳ ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደ ሁለት ደቂቃዋ ሕግ እንመለስ። ሊድስትሮም በ20 የውድድር ዘመን 1,564 መደበኛ ጨዋታ ሲጫወት በቅጣት የወጣው በድምሩ 514 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ጨዋታ 20 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። በዚያው ዘመን በግጭቱ የተፈራው ታላቁ ተከላካይ ስኮት ስቲቨንስ በ1,635 ጨዋታ 2,785 ደቂቃ ተቀጥቷል። ስቲቨንስ ሦስት ጊዜ ዋንጫ ያነሳ ሰው ነውና ላሳንሰው አልፈልግም። ሆኖም ተከላካይ በተቀጣ ቁጥር ቡድኑ ጎድሎ እንደሚጫወት ከተረዳን፣ አለመቀጣት ራሱ መከላከል መሆኑን መቀበል ግድ ይላል።

ጠንካራው ተቃውሞ ሊድስትሮም የሀብታም ክለብ ልጅ ነበር የሚለው ነው። እውነት አለው፤ እንደ ስቲቭ ኢዘርማንና ሰርጌይ ፌዶሮቭ ያሉ ከዋክብት አብረውት ነበሩ። ግን በ2005 ሊጉ ክለቦች ለተጫዋች በሚከፍሉት ገንዘብ ላይ ጣሪያ አበጀ፤ የገንዘቡ ብልጫም ቀረ። ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የኖሪስ ሽልማት ሊድስትሮም ሰባት ጊዜ ሲወስድ አራቱ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ኢዘርማን ሲሰናበት በ2006 አምበል ሆነ፤ በ2008ም በአውሮፓ ተወልዶና ሠልጥኖ አምበል ሆኖ ስታንሊ ዋንጫን ያነሳ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እሱ በ2012 ከተሰናበተ በኋላ ዲትሮይት ለአራት ዓመት ወደ ጥሎ ማለፉ ቢገባም ከሁለተኛው ዙር አላለፈም፤ በ2017 ጭራሽ ሳይገባ ቀረ። የክለቡ ማሽቆልቆል ሌሎችም ምክንያቶች አሉት፤ ከክለቡ የጎደለው ግን ትንሽ ነገር አልነበረም።

ሌሎች ደግሞ ሽልማቱ ለሚያጠቃ ተከላካይ ያደላል ይላሉ። በ264 ጎሎቹና ለሌሎች ባመቻቸላቸው 878 ጎሎች ነው የተሸለመው ለማለት ነው። ይህን ለመመርመር ሌላ ቁጥር አለ፦ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ እያለ፣ በቁጥር ብልጫ የተቆጠሩት ሳይታሰቡ፣ ቡድኑ ባስቆጠረውና በተቆጠረበት ጎል መካከል ያለው ልዩነት። የሊድስትሮም 450 ትርፍ ነው። ባጠቃ ጊዜ ኋላውን ከፍቶ የሚተው ሰው እዚህ አይደርስም። በ41 ዓመቱ በወሰደው የ2011 ሽልማት ላይ ግን ተቃዋሚዎቹ ትክክል ይመስሉኛል። በሙያ ዘመኑ ይህ ልዩነት በኪሳራ፣ በሁለት፣ የተዘጋበት ብቸኛው ዓመት እሱ ነው፤ ዝዴኖ ቻራ ወይም ሼይ ዌበር የተባሉት ተከላካዮች ቢወስዱት ቅር የሚል ባልነበረ። ያንን አንዱን ቀንሰን ብናስበው እንኳ ስድስት ይቀራል።

ሊድስትሮም በ2002 የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተብሎ የተመረጠ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነው፤ በ2006 በቱሪን ኦሊምፒክ ፍጻሜ ስዊድን ፊንላንድን 3 ለ 2 ያሸነፈችበትን ጎል ያስቆጠረውም እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ጎል ማየት ቀላል ነው። ጨዋታውን በስዊድንም ሆነ በካናዳ የመመልከት ዕድል ያለው አንባቢ ግን ለጥቂት ደቂቃ ዓይኑን ከፓኩ ላይ አንስቶ ከኋላ ያሉትን ሁለቱን ተከላካዮች ይከታተል፤ በተለይም ያልተጋጨውን።