ጫጩት በቤት ማስፈልፈል፤ የእናት ዶሮን ሥራ ማን ይሥራው?

ለሬዲዮ ከተዘጋጁት ንግግሮች መካከል ዛሬ የምናቀርብላችሁ ስለ ዶሮ እርባታ፣ በተለይም ጫጩት በቤት አስፈልፍሎ ስለ ማሳደግ ነው። በቂርያት ጋት ጓሮ ያላቸው ቤተሰቦች፣ አገር ቤት ዶሮ ሲያረቡ የኖሩ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻቸውም ጭምር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ከማኮሌት እንቁላል ገዝተን በአምፖል አሞቅነው። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ጠበቅን፤ አንድም ጫጩት አልወጣም። ምን ነካው?» ይላሉ።

መልሱ አጭር ነው። ያ እንቁላል ዘር የለውም። ለገበያ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች የሚኖሩት ያለ አውራ ዶሮ ነው። ዶሮ አውራ ባይኖርም እንቁላል ትጥላለች፤ አውራ ያልነካት ዶሮ እንቁላል ግን ለመብል እንጂ ለጫጩት አይሆንም። ስለዚህ ለማስፈልፈል የሚሆን እንቁላል የሚገኘው እናት ዶሮና አውራ ዶሮ አብረው ከሚውሉበት ቦታ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዶሮዋን ራሷን የሚመለከት ነው። የሐበሻ ዶሮ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ያህል እንቁላል ከጣለች በኋላ ትታቀፋለች። ሦስት ሳምንት ትቀመጣለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን እየመራች ሁለት ወር ያህል ትቆያለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል አትጥልም። በዚህ ምክንያት የዓመት እንቁላሏ ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው። በየዘመናዊው ሉል ያለችው ዶሮ ግን በዓመት ወደ 300 ትጥላለች። ይህ የሆነው አርቢዎች ለብዙ ትውልድ የማትታቀፈዋን ዶሮ እየመረጡ ስላራቡ ነው። አገር ቤትም እኮ እንቁላል የፈለገች እናት፣ ዶሮዋ መታቀፍ ስትጀምር ለጥቂት ቀን ወደ ጎረቤት ቤት ትሰዳት ነበር። ቦታ ሲለወጥባት መታቀፉን ትታ ወደ መጣል ትመለሳለች። የዛሬዋ የሉል ዶሮ ከተወለደች ጀምሮ እንደዚያ የሆነች ናት ማለት ይቻላል። ከሥሯ እንቁላል ብታደርጉላት ጥላው ትሄዳለች።

እንግዲህ ጫጩት የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መታቀፍ የማትረሳ ዶሮ ማግኘት ነው፤ በዚህ አገር ባላዲ የሚሏት ዶሮ እንደዚህ ናት። ሁለተኛው ትንሽ የመፈልፈያ ሣጥን፣ በዕብራይስጥ ማድገራ የሚባለውን መጠቀም ነው። ማድገራ የመረጠ ሰው እናት ዶሮ ሳትማር ታውቃቸው የነበሩትን አራት ሥራዎች፣ ማለትም ማሞቅን፣ ማገላበጥን፣ እርጥበት መጠበቅንና ከአደጋ መከላከልን በራሱ ላይ ይወስዳል።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ይቅደም። ዶሮ በመኖሪያ አካባቢ ስለ ማርባት በየከተማው ደንብ አለ። እንቁላል ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ዒሪያው ደውላችሁ (የስልኩ ቁጥር 106 ነው) የከተማውን ቬተሪናር ጠይቁ። በጋራ ሕንፃ የምትኖሩ ከሆነ የቫዓድ ባይትና የጎረቤት ፈቃድም ያስፈልጋል። በፎቅ ቤት በረንዳ ላይ ዶሮ ማርባት ለዶሮውም ለጎረቤቱም አይበጅም።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንመለስ። መካከለኛ መጠን ያለው፣ ቅርጹ የተስተካከለ፣ ያልተሰነጠቀ እንቁላል ምረጡ። ከተጣለ ከሰባት ቀን ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከአሥር ቀን በላይ ከቆየ የመፈልፈል ተስፋው በፍጥነት ይቀንሳል። አትጠቡት። ቅርፊቱ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን አለ፤ ተሕዋስያን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እንዳይገቡ የሚከላከለው እሱ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥም አታስገቡት። ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። እናቶቻችን እንቁላሉን እህል ውስጥ ቀብረው ያቆዩ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። እህል የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያበርዳል፤ እንቁላሉም እንዳይንከባለል ይይዘዋል።

መቼ እንጀምር ለሚለው፣ ሰንበት ለሚያከብር ቤት ረቡዕ የተመቸ ቀን ነው። ረቡዕ የገባ እንቁላል አሥራ ስምንተኛው ቀኑ እሑድ ላይ ይውላል፤ ሃያ አንደኛው ቀን ደግሞ ረቡዕ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን ቢቀድምም ቢዘገይም ጫጩቶቹ ከሰንበት በፊት ወጥተው፣ ደርቀው፣ ቦታቸውን ይይዛሉ። በመካከል ለሚያልፉት ሦስት ሰንበቶች እንቁላሉን በራሱ የሚያገላብጥ ማድገራ ማግኘት ይሻላል፤ ስለ ቀረው ቄሶቻችንን ወይም ረቢውን ጠይቁ። ከወራት ደግሞ በቂርያት ጋት ጸደይ ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት፣ በተለይም ሻራቭ በሚነሣበት ቀን፣ ማድገራውም ጫጩቱም ይቸገራል።

ስለ ሙቀት እንነጋገር። ማራገቢያ ላለው ማድገራ 37 ዲግሪ ከግማሽ፣ ማራገቢያ ለሌለው ደግሞ በእንቁላሉ አናት በኩል 38 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ይበቃል። እንቁላል ከማስገባታችሁ በፊት ማድገራውን አንድ ቀን ሙሉ ባዶውን አሞቁት፤ ቴርሞሜትሩም ትክክል መሆኑን በሌላ ቴርሞሜትር አመሳክሩ። ብዙ ሰው የሚፈራው ብርድን ነው። ነገር ግን እናት ዶሮ በየቀኑ ለመብላትና ለመጠጣት ትነሣለች፤ በዚያን ጊዜ እንቁላሉ ትንሽ ቢበርድ አይጎዳም። የሚገድለው የሙቀት መብዛት ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሰዓታት ከቆየ በውስጡ ያለው ይሞታል። ስለዚህ ማድገራውን ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። መብራት ቢጠፋ ክዳኑን ሳትከፍቱ በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ ጠብቁ።

ማገላበጥም ዋና ነገር ነው። በማደግ ላይ ያለው ጫጩት በአስኳሉ ላይ ይንሳፈፋል፤ እንቁላሉ ሳይዞር ከቆየ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይሞታል። እናት ዶሮ በቀንም በሌሊትም በምንቃሯ እያዞረች ትውላለች፤ ታድራለች። እናንተም በቀን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ አዙሩት። ቁጥሩ ጎዶሎ ቢሆን ይሻላል፤ ረጅሙን ሌሊት በአንድ ጎን ያደረ እንቁላል በሚቀጥለው ሌሊት በሌላው ጎኑ እንዲያድር ነው። እንዳይምታታባችሁ በአንድ ጎኑ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ማዞሩን አቁሙ፤ ጫጩቱ ለመውጣት አቅጣጫውን የሚይዝበት ጊዜ ነው።

እርጥበቱ እስከ አሥራ ስምንተኛው ቀን ከመቶ 50 እስከ 55፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከመቶ 65 እስከ 70 ይሁን። ይህ የሚገኘው ከማድገራው ሥር ባለው ገንዳ ውኃ በመጨመር ነው። አየሩ ሲደርቅ ሽፋኑ እንደ ብራና ይጠነክርና ጫጩቱ መቅደድ ያቅተዋል።

በሰባተኛው ቀን ጨለማ ክፍል ገብታችሁ በእጅ ባትሪ እንቁላሉን አብርታችሁ እዩት። ዘር ያለው ከሆነ ከመካከል የሚነሡ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ። ጥርት ብሎ የሚታየውን አውጡት፤ ከቆየ ይገማል፤ ሊፈነዳና ሌላውን ሊበክል ይችላል። በአሥራ አራተኛው ቀን እንደገና እዩ። ልጆችን አጠገባችሁ አድርጉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት በቃል የሚያውቅ ልጅ፣ እውነትነቱን በዓይኑ የሚያይበት ጊዜ ነው።

በሃያኛው ቀን ግድም ጫጩቱ ቅርፊቱን በምንቃሩ መብሳት ይጀምራል። ከዚያ እስኪወጣ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። አዝኖለት ቅርፊቱን ይልጥለታል፤ ጫጩቱም ደም ፈስሶት ይሞታል። በዚያ ሰዓት ጫጩቱ የቀረውን ደምና አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ነው። ተዉት። ክዳኑንም አትክፈቱ። በሆዱ የገባው አስኳል ሁለት ቀን ያህል ስለሚመግበው ወዲያው ካልበላ ብላችሁ አትጨነቁ። ከአሥራ ሁለት እንቁላል ሰባት ወይም ስምንት ጫጩት ከወጣላችሁ ጥሩ ሠርታችኋል።

ጫጩቶቹ ሲደርቁ ነፋስ ወደማይገባበት ሣጥን ይዛወሩ። ሥሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፍ፤ ጋዜጣ ስለሚያንሸራትት እግራቸውን ያበላሸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ቁመት ልክ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ከቴርሞሜትሩ ይበልጥ የሚነግሯችሁ ግን ጫጩቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከአምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ተበታትነው የሚበሉና የሚተኙ ከሆነ ደህና ናቸው። አምፖሉን በጠንካራ ነገር እሰሩት፤ ፍቅፋቂው ላይ የወደቀ አምፖል ቤት ያቃጥላል። በተለይ ዓርብ ከሰንበት መግቢያ በፊት ደግማችሁ ፈትሹት።

ምግባቸው ለጫጩት ተብሎ የተዘጋጀ ታዕሮቬት ይሁን። በደቃቁ የተፈጨና ገንቢ ምግብ የበዛበት ስለሆነ ለእድገታቸው ይበቃል፤ የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻውን አያሳድጋቸውም። ውኃው ጥልቀት በሌለው ዕቃ ይሁን፤ ጠጠር ብትጨምሩበት ሰምጠው አይሞቱም። ንጣፉ እንዲደርቅ አድርጉ። እርጥብ ንጣፍ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ያመጣል። ኩሳቸው ደም ከቀላቀለ ሳትዘገዩ ሐኪም ጠይቁ።

ልጆች ጫጩት ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጫጩት አይሳሙ። ጤነኛ የሚመስል ጫጩት ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል፤ ሕፃናትንና አረጋውያንን ክፉኛ ያሳምማል። ሣጥኑንም ወጥ ቤት አታስቀምጡት።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንምጣ። አገር ቤት ፈንግል የሚባለውን በሽታ የማያውቅ የለም። ዶሮዎቹ ይተነፍሱ ዘንድ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል፤ አንገታቸው ይጠማዘዛል፤ በጥቂት ቀን ቤቱ ባዶ ይቀራል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው የተረፉትን ዶሮዎች አፋፍሶ ወደ ገበያ ይወስድ ነበር፤ ቢያንስ ዋጋቸው እንዳይቀር። በዚሁ ምክንያት በሽታው ከመንደር ወደ መንደር ይሻገራል። ፈንግል ሌላ ስሙ ኒውካስል ነው፤ በዚህም አገር አለ። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ስለዚህ ዶሮ ወይም ጫጩት ስትገዙ መከተቡን ጠይቁ፤ ከመንገድ ላይ አትግዙ።

የወፍ ጉንፋንም ሩቅ አይደለም። በማርች 2006 በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በእስራኤል ሲገኝ፣ ከተያዙት ቦታዎች አንዱ ከቂርያት ጋት አጠገብ ያለው ሞሻቭ ስዴ ሞሼ ነበር። በ2021 መጨረሻ ደግሞ በሑላ ሸለቆ ዓጉር የሚባሉት የዱር ወፎች በሺህ የሚቆጠሩ ሞተዋል፤ በሰሜን ባሉ ሉሎችም ብዙ ዶሮ ተወግዷል። በሽታውን ከሚያዛምቱት መካከል የሚፈልሱ ወፎች አሉበት። ከጓሯችሁ የሚጠጣ አንድ ወፍ ይበቃል። ስለዚህ የዶሮዎቹን ምግብና ውኃ ከጣሪያ ሥር አድርጉ፤ ቦታውን በመረብ ሸፍኑ፤ መረቡ ድመትና ቁራም ይከለክላል። ሁለት ሦስት ዶሮ በድንገት ቢሞቱባችሁ ለማንም አትስጡ፤ አትሽጡ፤ ቆሻሻ ላይም አትጣሉ። በዚያው ቀን ለከተማው ቬተሪናር ደውሉ። በአካባቢያችን ባሉ ሞሻቮች ኑሯቸው ዶሮ ብቻ የሆነ ቤተሰቦች አሉ። የእኛ አምስት ዶሮ መዝናኛ ናት፤ የእነርሱ እንጀራ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከሚፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ወንዶች ናቸው። አገር ቤት የአውራ ዶሮ ጩኸት ሰዓት ነበር፤ ቂርያት ጋት ላይ ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጎረቤትን የሚያጣላ ነው። ወንዶቹን ማን እንደሚወስዳቸው እንቁላሉን ሳታስገቡ ተነጋገሩ፤ የሚወስድ ካልተገኘ ቄብ ገዝቶ ማሳደግ ይሻላል።

በየቤታችን ያሉ አረጋውያን እናቶች ዶሮ መታቀፏን በድምፅዋ ለይተው የሚያውቁ ናቸው። ልጆቹ ደግሞ ቴርሞሜትር ማንበብና ወደ ዒሪያ ደውሎ በዕብራይስጥ መነጋገር ያውቃሉ። ማድገራ የምታስገቡ ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው፤ ለሦስቱ ሳምንት ማን በየትኛው ሰዓት እንቁላሉን እንደሚያዞር በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።