የኪቦርድ ክራር ለምን ይደነዝዛል?

ሐዋሳ ባህል አዳራሽን በመሰለ ሰፊ አዳራሽ፣ ክራር ደርዳሪ በሌለበት ምሽት የክራሩን ድርሻ ኪቦርድ ሲሸፍን አዳማጩ ቶሎ ይነቃበታል። ድምፁ ከእውነተኛ ክራር የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ሆኖም አንዱ ምት ከሌላው ስለማይለይ ጆሮ አይታለልም። እንደኔ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቀረጻው አይደለም፤ ኪቦርዱ የተጫዋቹን ጣት እንዲከተል አለመስተካከሉ ነው።

በኪቦርዱ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ የሚነኩ ሁለት መገናኛዎች አሉ። መሣሪያው የሚለካው የጣትን ክብደት ሳይሆን በሁለቱ ንክኪዎች መካከል ያለፈችውን ጊዜ ነው፤ ነገሩ የሚሊ ሴኮንዶች ጉዳይ ነው። ጊዜዋ ካጠረች ምቱ ፈጣን፣ ከረዘመች ዝግ ያለ ነበር ማለት ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው፣ ሚዲ በተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያ ስምምነት መሠረት ይህ ፍጥነት ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይገለጻል። ሙዚቀኞች ቬሎሲቲ የሚሉት ይህንን ነው።

ዋናው ጥያቄ ቁጥሩ ምን ላይ ይዋል የሚለው ነው። ድምፁን ከማጉላትና ከመቀነስ ሌላ ሥራ ካልተሰጠው፣ ጠንካራው ምት የለስላሳው ምት ጩኸት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ክራር ግን እንዲህ አይደለም። ክሩ በቀስታ ሲነካ መሠረታዊው ድምፅ ይጎላል። ጠንክሮ ሲመታ ቀጫጭኖቹ ሃርሞኒኮች ይበዛሉ፤ ክሩ ለቅጽበት ይበልጥ ስለሚወጠርም ድምፁ ከቅኝቱ ሽቅብ ፈንጠር ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የተቀረጸውን ድምፅ በሚያጫውተው ሳምፕለር ላይ ቬሎሲቲ ፊልተሩንም እንዲከፍት ማዘዝ ያስፈልጋል፦ ቁጥሩ ሲያንስ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈን፣ ሲበዛ ይለቀቅ።

የተሻለው መንገድ ያንኑ ድምፅ በለስላሳ፣ በመካከለኛና በጠንካራ ምት ለየብቻ ቀርጾ ቁጥሩ እንዲመርጣቸው ማድረግ ነው። ድንበራቸው ላይ ግን ሳይደራረቡ ከቀሩ ዝላዩ ይሰማል። ማህደረ ትውስታው (ሜሞሪው) ውስን ለሆነ መሣሪያ ደግሞ የምወደው ዘዴ አለ። በክራር ቀረጻ መነሻ ላይ ጥፍር ክሩን ሲቧጥጥ የሚሰማ አጭር ቅጭታ ይኖራል። ምቱ ለስላሳ ሲሆን ሳምፕሉ ከዚያ ቅጭታ በኋላ እንዲጀምር፣ ጠንካራ ሲሆን ከመነሻው እንዲጀምር ይደረጋል። አንድ ቀረጻ እንደ ጥፍርም እንደ ጣትም ሆኖ ያገለግላል።

አዳራሹም ድርሻ አለው። ከሰዓት በኋላ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሲሞከር የደመቀው ክራር፣ ማታ ሕዝቡ ሲሞላ ይደበዝዛል፤ የሰው ገላና ልብስ ከወፍራሙ ይልቅ ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ይውጣልና። ያኔ ቮልዩም ከመጨመር ይልቅ ፊልተሩን ትንሽ መክፈት ወይም የቬሎሲቲውን ከርቭ፣ ማለትም የጣት ፍጥነት ወደ ቁጥር የሚቀየርበትን መንገድ፣ ማለዘብ ይሻላል።

ቬሎሲቲ ግን የሚያውቀው የመጀመሪያዋን ቅጽበት ብቻ ነው። በምቱ ቅጽበት የሚወሰነውን ድምፅ ከዚያ በኋላ ከሚለወጠው በጆሮ ለመለየት አንጋፋው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቀረጹትን «ሸሞንሟናዬ» አልበም ማዳመጥ ይጠቅማል። እዚያ ከሚሰሙት አንዱ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ነው። በውስጡ መዶሻ ቀጭን ብረት ይመታል፤ በቀስታ ሲመታ እንደ ደወል ይጠራል፣ ጠንከር ሲል ይሻክራል። ሁሉም በምቷ ቅጽበት ይወሰናል። እዚያው የሚሰማው አኮርዲዮን ግን የጣት ፍጥነት ግድ አይሰጠውም፤ ድምፁ የሚያብጠውና የሚሟሽሸው ቁልፉ ከተነካ በኋላ፣ በወናፉ ነው።

ማሲንቆና ዋሽንትም ከአኮርዲዮኑ ወገን ናቸው። የማሲንቆው ደጋን ገና እየተጎተተ፣ የዋሽንቱ ትንፋሽ ገና እየወጣ ድምፁን ይለውጣሉ፤ ስለዚህ የቱንም ያህል የቬሎሲቲ ንብርብር ቢደረደርላቸው ሕይወት አይዘሩም። ለእነሱ በግራ እጅ የሚንቀሳቀሰው የሞዱሌሽን ጎማ ወይም የእግር ፔዳል ይሻላል፤ ቁልፉ ከወረደ በኋላ የሚደረግበትን ግፊት የሚያነብ ኪቦርድ ያለው ተጫዋች ደግሞ የደጋኑን ጉተታ በዚያው ጣት መከተል ይችላል።