ለመድኃኒት ያልተበገረ የሕፃናት የሚጥል በሽታና የስቴሮይድ ሕክምና

የስቴሮይድ መድኃኒቶች በአብዛኛው የሚታወቁት አስምንና አለርጂን በማከም ነው። ከእነዚሁ አንዱ የሆነው ፕሬድኒሶሎን በተወሰኑ የሕፃናት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ላይም ውጤታማ መሆኑ ተረጋግጧል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ለሚገኙ የጤና ኃላፊዎች ዋናው ጥያቄ ሕመሙ በወቅቱ ይለያል ወይ የሚለው ነው።

ከባቱ በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ቡታጅራ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 60 ሺህ 820 ነዋሪዎችን ያካተተ ጥናት ተካሂዶ 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ተገኝተዋል። ይህም ከ1 ሺህ ሰዎች 5 ነጥብ 2 ያህሉ ማለት ነው።

በዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ የ2010 (እ.ኤ.አ.) ትርጓሜ መሠረት በሽታው ለመድኃኒት አልተበገረም የሚባለው በአግባቡ የተመረጡና የተወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች ሳያስቆሙት ሲቀሩ ነው። ፌኖባርቢታል ከመደርደሪያ በመጥፋቱ ለወር ያህል ያቋረጠ ሕፃን እዚህ ውስጥ አይገባም፤ የጎደለው አቅርቦት ነውና።

ስቴሮይድ ለማንኛውም የሚጥል በሽታ የሚታዘዝ አይደለም። ጥቅሙ ይበልጥ የታወቀው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጄምስ ዌስት በ1841 (እ.ኤ.አ.) በገዛ ልጃቸው ላይ ተመልክተው በገለጹት ሕመም ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ሕፃኑ በተለይ ከእንቅልፍ ሲነቃ በድንገት ወደፊት ይታጠፋል፣ እጆቹን ይዘረጋል፤ ይህም በየጥቂት ሴኮንዱ ይደጋገማል። ስለማይንፈራገጥ ወላጆች ቁርጠት ወይም ድንጋጤ አድርገው ይወስዱታል፤ ጤና ባለሙያም ሊስተው ይችላል። ሕክምናው በዘገየ መጠን የአእምሮ ዕድገቱ ይጎዳል።

በእንግሊዝ ተካሂዶ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ይፋ በሆነ ጥናት በአፍ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ካገኙ 30 ሕፃናት የ21ዱ፣ በመርፌ የሚሰጥ ሆርሞን ካገኙ 25 ደግሞ የ19ኙ ንዝረት በሁለት ሳምንት ውስጥ ቆሟል። ቪጋባትሪን የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት 52 ሕፃናት ግን ውጤቱ የታየው በ28ቱ ነው። በአሜሪካ የዚህ ሆርሞን ዓይነት የአንድ ጠርሙስ ዋጋ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ከ23 ሺህ ዶላር በላይ መድረሱ ሲታወስ፣ የርካሹ ኪኒን ውጤት ለአገራችን ትርጉሙ ከፍ ያለ ነው። ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የተባለ በዘር የሚመጣ ሕመም ላለባቸው ሕፃናት ግን ቪጋባትሪን ይመረጣል።

ርካሽ መሆኑ ከመድኃኒት ቤት ያለ ትዕዛዝ ይገዛ ማለት አይደለም። ፕሬድኒሶሎን የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነት ተላላፊ በሽታን የመከላከል አቅሙን ያዳክማል፣ ሕፃኑንም ያነጫንጫል። በመሆኑም ከመጀመሩ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምልክትና ንክኪ መጣራት ይኖርበታል። በ9 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ሕያው ተህዋስ የያዘ በመሆኑ ሐኪሙ ጊዜውን ሊያስተካክል ይችላል። መድኃኒቱ ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንስ መጠኑ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል።

ምርመራውን ለማረጋገጥ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህ በሌለበት ጤና ጣቢያ የሚገኝ ባለሙያ ግን እናትየዋ በእጅ ስልኳ የቀረጸችውን ምስል ተመልክቶ፣ እንቅስቃሴው የጀመረበትን ቀን በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጽፎ ሕፃኑን በዚያው ቀን ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ ይችላል።