ቀዳዳ ፈላጊው በዝቷል፤ ደፋኙ ማን ነው?

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የወጣ መንገደኛ ሰበታን፥ በአምቦ መንገድ የወጣ ቡራዩን፥ የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የወረደ ሱሉልታን ያገኛል። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ማደሪያቸው በነዚሁ ከተሞች፥ መዋያቸው በአዲስ አበባ የሆነ ብዙዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ የቤት ኪራይ ገፍቶ ዳር ያስያዛቸው ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው። እኛም ሰሞኑን በሦስቱ መንገዶች እየተመላለስን፥ በየጽሕፈት ቤቱና በየሱቁ ያለውን ኮምፒውተርና ስልክ ስንመለከት ሰነበትን። ለዚህ ያነሣሣን በሩቅ አገር ቤተ ሙከራ የተጀመረ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው ጥበብ በኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ የተደበቀውን ስሕተት ራሱ ፈልጎ ለማግኘት መብቃቱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ፕሮግራም ማለት ለኮምፒውተር የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ ጸሐፊው ሰው ነውና ከስሕተት አይጸዳም። ከስሕተቱ አብዛኛው ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ግን የቤቱ ባለቤት ከቶ ያላወቀው የጓሮ በር ነው። ባለሙያዎች ይህን «የተጋላጭነት ክፍተት» ይሉታል፤ እኛ ለዛሬው ቀዳዳ እንበለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ድረ ገጾች ምስጢራቸውን በሚቆልፉበት ኦፕንኤስኤስኤል በተባለ ፕሮግራም ውስጥ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሲገኝ፥ ሁለት ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ተከፍቶ ኖሮ ነበር። ያን የመሰለውን ለማግኘት ብዙ ዓመት የተማረ፥ በሺህ የሚቆጠር የጽሑፍ መሥመር ዐይኑ እስኪፈዝ የሚያነብ ሰው ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ ጥቂት በመሆኑም ድካሙን የሚያውለው ብዙ ገንዘብ ወይም ብዙ ምስጢር ባለበት ስፍራ ብቻ ነበር። የሰበታን ባለሱቅ ወይም የሱሉልታን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ያለ አጥር የኖርነው ድንበራችን ስላልታወቀ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ግን ዘመኑ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ላይ የጉግል ኩባንያ ተመራማሪዎች «ቢግ ስሊፕ» ብለው የሰየሙት መሣሪያ፥ ኤስኪውላይት በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ሰው ያላየውን ቀዳዳ ማግኘቱን አስታወቁ። ኤስኪውላይት የመረጃ ማኅደር ሲሆን በየዘመናዊው ስልክ ውስጥ ይገኛል፤ የቡራዩ የታክሲ ረዳት ስሙን ሳያውቅ በኪሱ ይዞት ይውላል። ደግነቱ ቀዳዳው የተገኘው ገና ለሕዝብ ባልተሰራጨው የፕሮግራሙ ቅጂ ላይ ነበርና በተነገረበት ዕለት ተደፈነ።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 በላስ ቬጋስ ከተማ አንድ ውድድር ተፈጸመ። አዘጋጁ ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ድርጅት ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሰዎች ቢሆኑም ወደ ሜዳ የገቡት መሣሪያዎቻቸው ብቻ ነበሩ፤ የሰው እጅ ሳይነካቸው በብዙ ሚሊዮን መሥመር በሚቆጠር ጽሑፍ ውስጥ ቀዳዳ እንዲፈልጉና እንዲደፍኑ ተለቀቁ። ሆን ተብለው ከተቀበሩት ስሕተቶች 54ቱን አገኙ፤ 43ቱን ደፈኑ። ማንም ያልቀበራቸውን፥ እውነተኞቹን ቀዳዳዎችም 18 ያህል አወጡ። አንደኛ የወጣው ቡድን አትላንታ 4 ሚሊዮን ዶላር ተሸለመ። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን ሽልማቱ ሳይሆን ወጪው ነው፤ ለአንዱ ሥራ የወጣው ገንዘብ በአማካይ 152 ዶላር ገደማ ነበር። በዚህ ገንዘብ የዚያን አገር ባለሙያ ለአንድ ሙሉ ቀን እንኳ መቅጠር ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ወሬውን እንዳናጋንነው አንድ ቃል እንጨምር። መሣሪያው ውሸትም ያውቃል። ከርል የተባለውን ታዋቂ ፕሮግራም የሚጠብቀው ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ፥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ የሐሰት የቀዳዳ ጥቆማዎች ጊዜውን እንደሚያባክኑበት ደጋግሞ በአደባባይ አማርሯል። አጻጻፋቸው ያማረ፥ ፍሬ ነገራቸው ባዶ ነው። በትምህርት ቤት ሳያጠና ፈተና የገባ፥ በእጅ ጽሑፉ ውበት ሊያልፍ የሚሞክር ጓደኛ ያልነበረው ማን ነው?

የሆነ ሆኖ አጥቂውም እንደ ተከላካዩ መሣሪያውን ጨብጧል። አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ባወጣው መግለጫ፥ የቻይና መንግሥት ድጋፍ አለው ብሎ የጠረጠረው ቡድን የራሱን የኩባንያውን መሣሪያ አታልሎ 30 ያህል ድርጅቶችን ለመሰለል እንደ ሞከረና፥ ከሥራው የሚበዛውን መሣሪያው እንደ ሠራው ገልጿል። የተሳካለት በጥቂቶቹ ላይ ነው። ልብ ልንለው የሚገባን ግን አንድ መሣሪያ ሠላሳ በር በአንድ ጊዜ ማንኳኳት መቻሉ ነው። ሠላሳ ያንኳኳ ሦስት ሺህ ለማንኳኳት የሚያግደው የለም፤ በዚያን ጊዜ ትንሽ መሆን መደበቂያነቱ ያበቃል።

ትንሽነት ቀድሞም ቢሆን እምብዛም አላዳነም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አሊኩዊፓ በተባለች ትንሽ የአሜሪካ ከተማ የውሃ አገልግሎት የሚጠቀምበት የግፊት መቆጣጠሪያ መሣሪያ በሰርጎ ገቦች ተያዘ። ይህ ዐይነት መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው የምስጢር ቁጥር 1111 ነበር፤ በብዙ ስፍራም ሳይለወጥ ቀርቷል። በቡራዩ በኩል ስናልፍ አዲስ አበባን የሚያጠጣውን የገፈርሳን የውሃ ግድብ እያየን ያችን ከተማ አስታወስን። በአገራችንም በሰኔ 2012 ዓ.ም.፥ የሕዳሴው ግድብ ውሃ ሊሞላ በተቃረበበት ወቅት፥ መነሻቸው ግብፅ የሆነ ቡድኖች የመንግሥት ድረ ገጾችን ለማጥቃት ዘምተው ነበር። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ተቋማችን ጥቃቱ የከፋ ጉዳት ሳያደርስ መክሸፉን አስታውቋል። ሆኖም ጥቂት ገጾች ላይ ሥዕልና ዛቻ ተለጥፎ ታየ፤ ከነዚህም አንዱ የፖሊስ ማሠልጠኛ ገጽ ነበር። አጥቂዎቹ የደረሱት በደንብ የተጠበቀው ትልቁ በር ዘንድ ሳይሆን ጠባቂ በሳሳበት ነው።

ሁለተኛው አጥራችን ቋንቋችን ነበር። በውጭ አገር አታላዮች የተጻፈ የአማርኛ መልእክት ቀድሞ ሲደርሰን የምንስቅበት እንጂ የምንታለልበት አልነበረም፤ ወንዱን ሴት፥ አንዱን ብዙ እያደረገ ራሱን ያጋልጥ ነበር። ዛሬ መሣሪያው አማርኛ ይጽፋል። እርግጥ ነው፥ ረዘም ሲል ይንገዳገዳል፤ «አንተ» ብሎ ጀምሮ በ«እርስዎ» ይጨርሳል። ነገር ግን «በስሕተት የላክሁልዎትን ገንዘብ ይመልሱልኝ» ለማለት ሁለት መሥመር ይበቃል፤ «ከቴሌ ነው የምንደውለው፥ የደረስዎትን ቁጥር ይንገሩን» ለማለትም ከዚያ አይበልጥም። በዚህ ላይ መሣሪያዎቹ ክፉ እንዳይሠሩ የተበጀላቸው ልጓም ይበልጡን የተፈተነው በእንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእንግሊዝኛ ተጠይቆ እምቢ ያለውን መሣሪያ በዙሉና በስኮትላንድ ጌሊክ ቢጠይቁት ብዙውን ጊዜ እሺ ብሎ መልሶላቸዋል። በመረብ ላይ ጽሑፉ ጥቂት የሆነ ቋንቋ ባለቤቶች ሁሉ ይህን ማወቅ አለብን።

ስለ ድምፅ ደግሞ ሰበታ ላይ ቆም ብለን አስበን ነበር። ሰበታ ከረጅም ዘመን ጀምሮ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ የታወቀች ናት። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ወዳጁን የሚለየው በድምፁ ነው፤ ድምፅ ለርሱ ፊትም ማኅተምም ነው። ነገር ግን እኛ የምናይ ነን የምንለውስ በስልክ ጊዜ ከርሱ በምን እንለያለን? አለቃ ደውሎ «ያን ክፍያ ቶሎ አስተላልፍ» ካለ ወጣቱ ሒሳብ ሠራተኛ ድምፁን አውቆ ይፈጽማል፤ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በሆንግ ኮንግ የአሩፕ ኩባንያ አንድ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የገንዘብ ኀላፊውንና የሥራ ባልደረቦቹን አይቶ፥ ድምፃቸውንም ሰምቶ፥ 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስተላለፈ። ከርሱ በቀር በዚያ ስብሰባ ላይ የነበረው ሁሉ በመሣሪያ የተሠራ መልክ ነበር። በኛ አገር ልማድ ለአለቃ «ቆይ ጌታዬ፥ ስልኩን ዘግቼ በማውቀው ቁጥር ልመልስልዎ» ማለት ነውር ይመስላል። እኛ ግን ይህን ነውር ማስቀረት ብዙ ሺህ ብር ከሚያወጣ መከላከያ ይልቅ ይጠቅማል እንላለን፤ መልመድ ያለበትም አለቃው ነው።

ተማሪ አንባቢዎቻችን ግን ስለ ቀዳዳ ሲወራ ከሁሉ በፊት የሚያስታውሱት መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የነበረችውን የዓርብ ሌሊት እንደሆነ አንጠራጠርም። በዚያች ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ የተደረገ ማሻሻያ ስሕተት ፈጠረና ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከዶርም ወደ ዶርም ሮጠ፤ በየዩኒቨርሲቲው ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። የባንኩ ፕሬዚዳንት በኋላ እንደ ገለጹት 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለ አግባብ ወጥቷል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ፤ ገንዘብ እንዲመለስ ለመነ፤ አስጠነቀቀም፤ ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይፋ አወጣ። ሰርጎ ገብ የለ፥ ሊቅ የለ፥ መሣሪያም የለ፤ ለማዳ ሥራ የከፈተውን ቀዳዳ ወሬ ብቻውን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይህን ያህል አሰፋው። ቀንና ሌሊት የማይተኛ ፈላጊ በየበሩ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ስንት ደቂቃ ይፈጅበት እንደ ነበር አንባቢ ያስላው።

እንግዲህ ቀዳዳ ማግኘት ረከሰ፤ የሚደፈንበትን ትእዛዝ መጻፍም እየረከሰ ነው። ያልረከሰው ማስተካከያውን ወስዶ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ መጫን ነው። ይህን ሥራ ሠራተኛው «አፕዴት» ይለዋል፤ ብዙ ጊዜም «ነገ አስታውሰኝ» ብሎ ያልፈዋል። ማስተካከያ በወጣ ጊዜ አጥቂው አሮጌውንና አዲሱን ጽሑፍ አስተያይቶ ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ያውቃል፤ ዛሬ ይህን ማስተያየት መሣሪያው ያፋጥንለታል። ስለዚህ «ነገ» የምትለዋ ቃል ከቀድሞው ይልቅ ውድ ሆናለች።

በዞርንባቸው መሥሪያ ቤቶች ያየነውን እንናገር። ኮምፒውተሮቹ ከነዳንቴላቸው ንጹሓን ናቸው፤ አቧራ አይነካቸውም። ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸው ገና ብዙ ናቸው፤ ማይክሮሶፍት ለዚህ ፕሮግራም ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ማስተካከያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ሌሎቹ «ክራክ» የተደረገ ቅጂ የተጫነባቸው ናቸው፤ የጫነው ልጅ ቁልፉን ሲሰብር ማስተካከያ መቀበያውንም አብሮ ዘግቶታል። ፋይል ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚዘዋወረው በፍላሽ ነው፤ ያው ፍላሽ ማታ በፎቶ ኮፒ ቤት፥ ጧት በመዝገብ ክፍል ይሰካል። በአንዱ ቢሮ የምስጢር ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከማሳያው ግርጌ ተለጥፎ ነበር፤ ስንጠይቅ «ባልደረባችን ዕረፍት ላይ ሲሆን ሥራ እንዳይቆም ነው» ተባልን። መልሱ ቅንነት አለው፤ ባለጉዳይም ተመልሶ አይሄድም። ቢሆንም በነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው የሰው የመሬት ማስረጃ፥ የነዋሪነት መታወቂያና የግብር ሒሳብ ነው። የቡራዩ አንዲት ባልቴት ይዞታ መዝገብ ቢሰረዝ፥ ወረቀቱ ደግሞ በጎርፍ የራሰ ቢሆን፥ በምን ትከራከራለች? ለዚህ የሚያስፈልገው ረቂቅ ጥበብ አይደለም፤ የፋይሉን ግልባጭ በየሳምንቱ ከኮምፒውተሩ ተለይቶ በሚቀመጥ ዕቃ ላይ ማኖር፥ የምስጢር ቃልን ለየሰው ለይቶ መስጠት፥ ማስተካከያ የሚጫንበትን ቀን እንደ ደመወዝ ቀን መቁረጥ ነው።

የቀረው ጉዳይ የወጣቶቹ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት ብዙዎችን ወደዚህ ሙያ እየጠራ ነው፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም በቅርብ ዓመታት ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች በክረምት እየሰበሰበ አሠልጥኗል። እንግዲህ ከነዚህ አንዱ በሱሉልታ ቤቱ ተቀምጦ የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ቀዳዳ እንዳለው ቢያይ ምን ያድርግ? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን በእስራት ይቀጣል፤ ተገቢ ሕግ ነው። ስለዚህ ልጁ ገብቶ መሞከር የለበትም፤ ያየውን ብቻ ጽፎ ማመልከት አለበት። ለማን?

ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ስማቸውን የማንጠቅሳቸው ሦስት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ክፍል ገባን፤ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢመጣ ለየትኛው ክፍል ትመሩታላችሁ?» አልን። የመጀመሪያው «ለሕዝብ ግንኙነት» አለ። ሁለተኛይቱ ትንሽ አስባ «ለአይሲቲ፤ ግን ባለሙያው ተዛውሮ ቦታው ክፍት ነው» አለች። ሦስተኛው አዛውንት መነጽራቸውን አውልቀው፥ ልጁ ተማሪ ከሆነ ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ይዞ እንዲመጣ፥ ካልሆነም ደብዳቤውን ተቀብለው ቁጥር እንደሚሰጡት፥ ከዚያም ራሳቸው ይዘውት ወደ ኀላፊው ቢሮ እንደሚወጡ ነገሩን። የሥራ ሰዓታቸውን ጠይቀን ማስታወሻችን ላይ ጻፍነው።