የአሻንጉሊት ስም የሚወርሰው ሶፍትዌር

ዴቢያን የተባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አዲስ እትም ሲያወጣ ሁለት መጠሪያ ይሰጠዋል፤ ቁጥርና የኮድ ስም። ቁጥሩ ማብራሪያ አይሻም። ስሙ ግን ከ1996 ጀምሮ የሚቀዳው «ቶይ ስቶሪ» ከተሰኙት የአኒሜሽን ፊልሞች ገጸ ባሕርያት ነው። 1.1 «ቡዝ» ተባለ፣ 3.0 «ውዲ»፣ 8 «ጄሲ»፣ 10 «በስተር»። ሐሳቡን ያመጣው በጊዜው የፕሮጀክቱ መሪ የነበረው ብሩስ ፔረንስ ሲሆን፣ እንጀራውን ይበላ የነበረውም ፊልሞቹን በሠራው በፒክሳር ኩባንያ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ስያሜ እንደ ፕሮግራመሮች ጨዋታ ቆጥሮ ያልፈዋል። ትልቅ ስሕተት ነው።

ቁጥር ብቻውን ያሳስታል፤ ዴቢያን 1.0 የሚባል እትም ወጥቶ አያውቅም። በ1995 መጨረሻ አንድ የሲዲ አሳታሚ ገና በሥራ ላይ የነበረን፣ ኮምፒውተር ማስነሣቱ እንኳ የሚያጠራጥር ቅጂ «ዴቢያን 1.0» ብሎ ለገበያ አቀረበው። ፕሮጀክቱም ሰው እንዳይደናገር ቁጥሩን ጥሎ ቀጣዩን 1.1 አለው። ቁጥር ያየ ሰው ሥራው አልቋል ብሎ ያምናል። በዝግጅት ላይ ያለ ሥራ በገጸ ባሕርይ ስም ሲጠራ ግን ማንም ያለቀ ዕቃ ነው ብሎ አይወስደውም።

የስሙ ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚታየው ዴቢያን ፕሮግራሞቹን በሚያድልባቸው ሰርቨሮች ላይ ነው። የእያንዳንዱ እትም የፕሮግራሞች ዝርዝር በኮድ ስሙ በተሰየመ ፎልደር ይቀመጣል፤ ስሙም እስከ መጨረሻው አይለወጥም። «ስቴብል» («የተረጋጋ») የሚለው ቃል ግን ወደ አንዱ ፎልደር የሚያመለክት ጠቋሚ ብቻ ነው። በ2023 ወደ «ቡክዎርም» ያመለክት ነበር፤ ከነሐሴ 2025 ወዲህ ወደ «ትሪክሲ» ዞሯል። እዚህ ላይ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ሊወቀሱ ይገባል። በማዘመኛ ፋይላቸው «ቡክዎርም» በማለት ፈንታ «ስቴብል» ብለው የተዉ፣ ጠቋሚው በዞረ ማግሥት ሳይዘጋጁ ወደ ሌላ እትም ሊሻገሩ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ዳታቤዙ አልነሣ ሲል ዴቢያንን ይከሳሉ። ስሙን መጻፍ የሚጠይቀው አንድ ቃል ነው።

ከስሞቹ ሁሉ እጅግ የታሰበበት «ሲድ» ነው። በፊልሙ ሲድ አሻንጉሊት የሚሰባብር የጎረቤት ልጅ ነው፤ በዴቢያን ደግሞ አዳዲስ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚገቡበት፣ መቼም የተረጋጋ እትም ሆኖ የማይወጣው ክፍል ስም ነው። ፊልሙን ያየ ተጠቃሚ አደጋውን ከስሙ ይረዳል።

የሌላን ስም መዋስ ጣጣም አለው። አፕል በ1994 ያወጣውን ፓወር ማኪንቶሽ 7100 በውስጥ «ካርል ሳጋን» ሲል ይጠራው ነበር። ስሙ በመጽሔት ሲወጣ የሥነ ፈለክ ሊቁ፣ በስሜ መጠቀማችሁ ለዕቃው የንግድ ድጋፍ የሰጠሁ ያስመስላል ሲል ተቃወመ። መሐንዲሶቹ ስሙን ቢቀይሩም አዲሱ ስያሜ በእርሱ ላይ የሚሳለቅ ስለነበር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሳጋን ክሱን ተረታ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። በሕይወት ያለን ሰው ስም ለዕቃ ማውጣት ፈቃዱን ሳይጠይቁ የሚደረግ አይደለም፤ የፍርድ ቤት ድልም ይህን አይለውጠውም።

ሌላውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፌዶራን ደግሞ ያስቸገረው የስሙ አጻጻፍ ነው። በ2013 የወጣው 19ኛው እትም «የሽሮዲንገር ድመት» ተባለ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ በመካከሉ ሁለት ነጥብ ያለበት ፊደልና አፖስትሮፍ ስላለው፣ እንዲህ ያለውን ምልክት ያልጠበቁ ፕሮግራሞች ተሰናከሉ። ፌዶራ ከ20ኛው እትም በኋላ ስም ማውጣቱን ጨርሶ ተወ።

ዴቢያን ግን በአጭርና ምልክት በሌላቸው ስሞቹ ቀጥሏል። «ትሪክሲ» ገና ሳይወጣ የ14ኛው ስም «ፎርኪ» እንደሚሆን ተነግሮ ነበር፤ 15ኛውም «ዱክ» ተብሏል።